አቤት የማይባልበት ምሽት

በመጀመሪያ አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ ዕቃ የማጥብ ሰው ነኝ። ጂን መኖሩን ሃይማኖቴ ያስተምረኛል፣ እሱን አልክድም፣ ግን ጂን ሥራ ፈትቶ፣ ያን ሁሉ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ላስ ቬጋስ ድረስ መጥቶ የእኔን የከድጃን በር ያንኳኳል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ዘ ስትሪፕ በሚሉት የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል አጸዳለሁ፣ እንግዳ የሞተበት ክፍል ሳይቀር ገብቼ አንሶላ ቀይሬያለሁ፣ አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች «ያ ፎቅ ጥሩ አይደለም» እያሉ ሲያማትቡ «ስጡኝ፣ እኔ እወስደዋለሁ» የምለው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ «ይቺ ሴትዮ ድሮም ፈሪ ናት» እንዳትሉኝ።

ልጄ ኑራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እዚሁ ነው የተወለደችው፣ ስጠራት «ዋት» ነው የምትለኝ። እኔ ያደግሁት እናት ስትጠራ ከየትም ጥግ ሆኖ አቤት ያላለ ልጅ ጭኑን በሚቆነጠጥበት ቤት ነው፣ እና ይህ «ዋት» የሚሉት ነገር እንዴት እንደሚያንገበግበኝ አልነግራችሁም። ዓመት ሙሉ ተጨቃጭቀናል።

«ኑራ፣ ሰው ሲጠራሽ አቤት ነው የሚባለው።»

«ማሚ፣ ሴም ነው እኮ።»

«ሴም አይደለም። አቤት በይ።»

አትልም። ባለቤቴ ሰይድ ይስቃል፣ «ተያት፣ መጣች አይደል፣ ምን ትፈልጊያለሽ» ይለኛል፣ እኔ ግን ግትር ነኝ፣ ቁርስ ስሰጣት፣ ጫማ ሳስርላት፣ ትምህርት ቤት ሳደርሳት፣ አቤት በይ፣ አቤት በይ። አሁን ሳስበው ምላሴን ብነክስ ይሻለኝ ነበር።

እኛ ያለንበት ኢንተርፕራይዝ የሚባለው ሰፈር ኦክቶበር ሲገባ ያብዳል፣ በየጠጠሩ ግቢ የፕላስቲክ አጽም ይተከላል፣ በየቤቱ መኪና ማደሪያ፣ በየጋራዡ ላይ የሸረሪት ድር ይወጠራል፣ የወሩ መጨረሻ ቀን ልጆቹ የጭራቅና የእንስሳ ልብስ ለብሰው በየቤቱ ከረሜላ ልመና ይወጣሉ። ከኛ ሰዎች የሚከለክሉ አሉ፣ እኔ አልከለክልም፣ ከረሜላ ነው፣ ምን አለበት። አንድ ነገር ብቻ ከለከልኩ፣ ኑራ ነጭ አንሶላ ቀድጄ ላጥልቅና መንፈስ ልሁን ስትለኝ፣ «ከፈን ለብሰሽ ከቤቴ አትወጪም» አልኳት፣ ተኮሳተረችና ጥቁር ድመት ሆነች። ሰይድ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ መኪና ነው የሚነዳው፣ የማታ ሺፍት ላይ ነበር፣ እኔ ከሥራ ገብቼ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ይዣት ወጣሁ። ፀሐይ ገና መግባቷ ነበር፣ ሰማዩ ከተራራው በላይ ቀላ ብሎ ነበር፣ መንገዱ በልጆች ተሞልቶ ነበር። ምንም የሚያስፈራ ነገር አልነበረም፣ ወላሂ።

ከመንገዳችን ማዶ፣ ጥጉ ላይ፣ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ፈረንጅ አለ፣ ሚስተር ሬይ እንለዋለን። በየዓመቱ የጭስ ማሽን አምጥቶ የጋራዡን ፊት በጭስ ይሞላል፣ ልጆቹ በዚያ ውስጥ እየጮኹ ያልፋሉ። ስንደርስ ጭሱ ከጉልበት በላይ ደርሷል። ኑራ አምስት እርምጃ ያህል ቀድማኝ የከረሜላ ቦርሳዋን እያወዛወዘች ገባች።

ያኔ ነው የሸተተኝ።

እመኑኝ፣ እኔ በአፍንጫዬ ነው የምተዳደረው፣ ክፍል ገብቼ ሲጋራ ይሁን ሃሺሽ፣ ዛሬ ይሁን ትናንት፣ አሽትቼ ነው ሪፖርት የማደርገው። የሚስተር ሬይ ማሽን ጭስ ሽታው ቀለል ያለ፣ ጣፋጭ ነገር ነው፣ አውቀዋለሁ። ይሄ ግን የባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር፣ የተቃጠለ ጫማ፣ የአሮጌ ፍራሽ ጭድ፣ እርጥብ ጥራጊ። ከኮልፌ ከወጣሁ ወዲህ አንድም ቀን አሽትቼው የማላውቀው ሽታ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፣ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። ወላጆቼ የወሎ ሰዎች ናቸው፣ እኔ ግን ኮልፌ ነው ያደግሁት፣ ግቢያችን ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም ተቀላቅሎ ነው የሚኖረው። ኅዳር ሲታጠን የሚባለውን ታውቁታላችሁ፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ሁሉም ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን በየደጁ ያቃጥላል፣ ያ በጥንት ጊዜ ሰው የፈጀው በሽታ በጭሱ እንዲወጣ ነው ይባላል፣ ከተማው በሙሉ በጭስ ይታፈናል። ለኛ ለልጆች ከዚያ የበለጠ ቀን አልነበረም፣ ዓይናችን እያለቀሰ፣ እየሳልን፣ ከአንዱ እሳት ወደ ሌላው እንሮጣለን። በግቢያችን ትልቋ ሴት እማማ በለጡ በየዓመቱ እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ልጆቹን ሰብስበው አንድ ነገር ይሉናል፦

«በጭሱ ውስጥ ስማችሁን የጠራችሁን ሰው ፊቱን ካላያችሁ አቤት እንዳትሉ። በሽታው ቤት አያውቅም፣ በስም ነው የሚሄደው።»

እኛ እንስቃለን። ዘይኔ ግን ታምን ነበር። ዘይኔ ታናሽ እህቴ ናት፣ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ እኔ አሥራ አንድ። በዚያ ዓመት እጇን ይዤ በጭሱ ውስጥ ቆመን ሳለ የእናቴ ድምፅ ከውሃው ቦኖ በኩል ጠራት፣ «ዘይኔዬ»፣ መጨረሻውን ጎተት አድርጎ፣ ልክ እናቴ እንደምትጠራው። ዘይኔ አፏን ጥብቅ አድርጋ ዘጋች። ሁለተኛ ጠራት። ወደ እኔ ቀና ብላ አየችኝ፣ ዓይኗ በጭስ ቀልቷል፣ እኔም «እማዬ ናት እኮ፣ አቤት በይ እንጂ፣ ልትቆነጥጥሽ ነው» አልኳት። እኔ ነኝ ያስባልኳት። አቤት አለች። እየሮጥን ቤት ስንገባ እናቴ መስገጃዋ ላይ ነበረች፣ መግሪብ እየሰገደች፣ ከቤት አልወጣችም። በሳምንቱ ዘይኔን አተኮሳት፣ በሦስተኛው ቀን ቀበርናት። ሐኪሙ ማጅራት ገትር ነው አለ፣ እኔም ይኸው እስከ ዛሬ ማጅራት ገትር ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም ሌላውን ካመንኩ እህቴን ማን እንደገደላት አውቃለሁ። ለሰይድ እንኳ ነግሬው አላውቅም።

እንግዲህ የሚስተር ሬይ ጋራዥ ፊት ቆሜ ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሆንኩ ገምቱ። «ኑራ፣ ነይ ተመለሽ» ልላት አፌን ልከፍት ስል ቀድሞኝ ተጠራች።

«ኑራዬ።»

ከጋራዡ በኩል ነው። ድምፁ የኔ ነው። ድሮም የእናቴን ድምፅ ነው የወረስኩት፣ ስልክ ሳነሳ ዘመድ ሁሉ ይሳሳታል፣ መጨረሻውን ጎተት ማድረጉም ያው ነው። እኔ ግን አፌ ተዘግቷል፣ እጄን ከንፈሬ ላይ አድርጌ አረጋግጫለሁ።

ኑራ ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ አልዞረችም። ወደ ጋራዡ ዞራ፣ ዓመት ሙሉ ለምኜ እምቢ ያለችኝን ቃል፣ ጥርት አድርጋ፣ እዚያው ኮልፌ እንደተወለደች ልጅ፣ «አቤት» አለች።

እንዴት እንደደረስኩባት አላውቅም፣ በድመቱ ጅራት ነው የያዝኳት፣ ተጎትታ ወደቀች፣ ከረሜላው ተበተነ። ሚስተር ሬይ ከወንበሩ ተነስቶ «ኦል ጉድ?» አለኝ። ጋራዡ ተዘግቶ ነበር። ውስጥ ማን አለ ብዬ ጠየቅኩት፣ ማንም የለም አለ፣ ብቻውን ነው የሚኖረው። ከዚያ ኑራን ከረሜላ እየጨመረላት ይቅርታ ጠየቃት፣ ዘንድሮ ማሽኑ ስለተበላሸ ጭስ የለም፣ በሚመጣው ዓመት አሠራዋለሁ አላት። ዞር ስል እውነትም ጭስ የለም። ደረቅ ኮንክሪትና የሁለት ፕላስቲክ አጽም ጥላ ብቻ።

«ማን ነው የጠራሽ?» አልኳት መንገድ ላይ።

«አንቺ ኮል አደረግሺኝ። አቤት አልኩሽ ኮ፣ ዋይ አር ዩ ማድ?»

የድመት ልብሷን ሁለት ጊዜ አጠብኩት፣ የባሕር ዛፍ ጭስ ሽታው አልለቀቀም። ለሰይድ የማሽኑንም የድምፁንም ነገር አለባብሼ ግማሹን ብቻ ነገርኩት፣ «ደክሞሻል፣ ኦቨርታይሙን ቀንሺ፣ ከቁርአን አያተል ኩርሲን ቅሪና ተኚ» አለኝ። ቀራሁ። በየማታው ራስጌዋ ተቀምጬ ቀራሁ፣ በየጠዋቱ ግንባሯን ዳሰስኩ፣ ቀን መቁጠሬን ግን ለራሴም አላመንኩም።

በሳምንቱ አተኮሳት።

ሐኪም ቤት በረርን፣ አንገቷን አዩልኝ አልኩ፣ ማጅራት ገትር እንዳይሆን አልኩ፣ ዶክተሯ የኑራን አንገት ወደ ፊት አጠፈች፣ ቀና አደረገች፣ ፍሉ ነው፣ ሲዝኑ ነው፣ ማስታገሻ ስጪያት ብላ ሸኘችን። ሰይድ ሺፍቱን መልቀቅ ስላልቻለ አድርሶን ሄደ። እኔ ሶፋው ላይ አስተኝቻት፣ እርጥብ ፎጣ እየቀያየርኩላት ቆየሁ፣ ውጭው ማምሸት ጀመረ፣ መብራት ለማብራት ስነሳ ከኩሽና ወደ ጋራዣችን በምታስወጣው በር ሥር ሽታው ገባ። ባሕር ዛፍ። ጫማ። ጭድ።

እኔ በሥራዬ በር አንኳኩቼ «ሃውስኪፒንግ» እላለሁ፣ ከውስጥ የመለሰ ሰው ካለ አልገባም፣ ትቼው ወደ ሚቀጥለው በር እሄዳለሁ። ያን ጊዜ በሩን እያየሁ ይሄኛው በተቃራኒው መሆኑ ገባኝ፣ የሚገባው የመለሱለት ጋ ነው።

«ኑራዬ» አለ ድምፄ ከበሩ ወዲያ። ቀስ ብሎ፣ በፍቅር። እውነቴን ነው፣ እኔ ራሴ እንደዚያ በፍቅር ጠርቻት አላውቅም።

ኑራ ዓይኗን አልከፈተችም፣ ከንፈሯ ግን ተንቀሳቀሰ። በመዳፌ አፏን ከደንኩት፣ ትንፋሿ እጄን ያቃጥላል፣ በመዳፌ ሥር ቃሉን ልትለው ስትታገል ይሰማኛል። ፈራሁ፣ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ግን የዘይኔ ዓይን ፊቴ መጣ፣ ቀና ብላ ያየችኝ፣ ምን ላድርግ ብላ የጠየቀችኝ፣ እና እኔ ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝን አሁን አደረግሁት።

«አቤት» አልኩ።

ከበሩ ወዲያ የቆመው ነገር ያልጠራው ሰው ስለመለሰለት የሚያስብ መሰለኝ። ከዚያ እንደገና ጠራ፣ አሁን ግን ድምፁ የኔ አልነበረም፣ የሕፃን ነው፣ «ከዲ» አለኝ። አሜሪካ ውስጥ ከዲ ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም። እንደዚያ የምትጠራኝ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች።

«አቤት» አልኩ ሁለተኛ፣ እያለቀስኩ።

ሽታው ጠፋ። ኑራ ሌሊቱን አላባት፣ ሲነጋ ተነስታ ሲሪያል ጠየቀችኝ። ዶክተሯ ስደውልላት የልጅ ትኩሳት እንደሱ ነው፣ እንደመጣ ይሄዳል አለችኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም።

ያ ከሆነ ዛሬ ስድስተኛ ቀን ነው። ትናንት አብራኝ የምትሠራ ልጅ አንሶላ እያጠፍን ሳለ ጠጋ ብላ አሸተተችኝና «ከድጃ፣ ማጨስ ጀመርሽ እንዴ?» አለችኝ። ዩኒፎርሜን ያጠብኩት ጠዋት ነው። ሰይድን ደግሞ ያለ ምክንያት የኑራን ክትባት ወረቀት የት እንዳስቀመጥኩ፣ ማታ ማታ ፀጉሯን ምን እንደምቀባት አሳየሁት፣ ምን ሆነሻል ብሎ ትክ ብሎ አየኝ፣ ምንም አልኩት።

ይህን የምጽፍላችሁ ቤት ሆኜ ነው፣ ነገ ሳምንት ስለሚሞላኝ ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ። ቅድም ኑራን ከሳሎን ሆኜ ጠራኋት፣ ከመኝታ ቤቷ «ዋት» አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ጠራኋት፣ ሦስቴም ዋት አለችኝ፣ በመጨረሻ ተናደደችና በሯን ዘጋችው። ግንባሬ ትንሽ ሞቅ ብሎኛል፣ የሙቀት መለኪያው መሳቢያው ውስጥ ነው፣ ተነስቼ ላምጣው እላለሁ፣ እስካሁን ግን አልተነሳሁም።