ሳታጠፋው ጠግነው

ስሜ የህያ ነው። ሱሉልታ፣ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ስለ ጂን ሲወራ ከሚስቁት አንዱ ነበርኩ... ይሄን ግን ሰው አላወራልኝም። በገዛ እጄ ያደረግኩት ነው።

ሰኞ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች።

ኦቦ ኩምሳ የሚባሉ ሽማግሌ አሮጌ ሞተር እየነዱ ከሰበታ ድረስ መጡ። "አካም ጂርታ" ብለው ሰላምታ ሰጡኝና ወረዱ። ሞተሩን ግን አላጠፉትም።

ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጠፋ ሲሉት ይመለሳል።

ለእኔ ተራ ነገር ነው። ሱሉልታ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ሰበታ ላይ ልክ የነበረ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበትና አየር ያጥረዋል። ፈትቼ ላጽዳው፣ ያጥፉት አልኳቸው።

"ማሎ፣ እባክህ... ሳታጠፋው ጠግነው።"

ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

ሐኪም ሳንባቸው ላይ ምንም እንዳላገኘ ነገሩኝ። ሞተሩ መጨስ ከጀመረ ወዲህ ግን ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አንዴ መንገድ ላይ ጠፍቶባቸው እዚያው ተዘርረዋል፤ አላፊ አግዳሚው ሞተሩን ረግጦ ሲያስነሳው ነው የነቁት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን ሙሉ አላጠፉትም።

በሆዴ ሳቅኩ። እርጅና ነው አልኩ።

ወንበር ሰጠኋቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ካቻቢቴ አነሳሁና የአየሩን ቡሎን ሩብ ዙር ያህል አጠበብኩት።

ደረታቸውን ያዙ።

መልሼ ከፈትኩት...

ተነፈሱ።

ደግሜ አጠበብኩት። ደግመው ደረታቸውን ያዙ።

እጄን ማየት አይችሉም ነበር።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ግትር ሰው ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ስፈታ ኖሬ አንድ ካርቡራተር ሊያስፈራኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። ቡሎኑን እስከ መጨረሻው ብከፍተውም ጭሱ አልቆመም። ካልተፈታ አይድንም። ሳልነግራቸው የቤንዚኑን መዝጊያ ዘጋሁት። ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረችው እስክታልቅ አንድ ደቂቃ ያህል ይሠራል፣ ከዚያ ራሱ ይጠፋል። ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም ልላቸው ነው።

ጭሱ ቀጠነ። ድምፁ ጠራ።

ኦቦ ኩምሳ ብድግ አሉ። ከንፈራቸው ቀላ። በረጅሙ ተነፈሱና ሳቁ... ስልካቸውን አውጥተው ሚስታቸው ጋ ደወሉ።

"ቦሰና... ድኛለሁ። አሁን እመጣለሁ።"

ሞተሩ ፍጥነት ጨመረ። ጮኸ።

መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል... ቤንዚን ሊያልቅበት የደረሰ ሞተር ከመጥፋቱ በፊት ለጥቂት ጊዜ ጥሩ ይሠራል።

ዘልዬ መዝጊያውን ከፈትኩት።

ጠፋ።

ስልኩ ከእጃቸው ወደቀ። እሳቸውም ተከትለውት ወደቁ።

ሞተሩን ረገጥኩት... ረገጥኩት... ጫማዬ ወልቆ በባዶ እግሬ ረገጥኩት። መሬት ላይ ካለው ስልክ ውስጥ የሚስታቸው ድምፅ ይሰማል።

"ኩምሳ... ኩምሳ... ምንድነው ዝም ያልከው?"

ሞተሩ አልተነሳም። እሳቸውም አልተነሱም።

ሰበታ ተቀበሩ። ልብ ነው ተባለ። ለቅሶ ሄጄ ከወይዘሮ ቦሰና ፊት ለፊት ተቀመጥኩና ቃል ሳልተነፍስ ተመለስኩ። ምን ብዬ ልንገራቸው? አጽናኝ ተብዬ ምግብ ቀርቦልኛል እኮ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ራሴን ጠልቼዋለሁ።

ሞተሩን ሊወስድ የመጣ የለም። ካርቡራተሩን ፈትቼ አየሁት። አንድም ጉድለት አላገኘሁበትም። ገጣጥሜው፣ በጥቁር ፌስታል ቋጥሬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ፌስታሉ ተነፍቶ አገኘሁት።

ቀስ ብሎ ሟሸሸ...

ተነፋ...

ሟሸሸ።

ይኸው ሁለት ሳምንቱ። ፌስታሉን ልፈታው እጄን እሰድና እመለሳለሁ። ብፈታው ምን እንደሚመጣ አላውቅም፣ ባልፈታው ግን ኦቦ ኩምሳን ዳግም እንደማፍናቸው አውቃለሁ። ትናንት ፌስታሉ ቶሎ ቶሎ ይነፋ ይሟሽሽ ጀመር።

ይሄን የምጽፈው ከፊቱ ተቀምጬ ነው። አሁን ፌስታሉ በአንድ ጊዜ ጭምድድ ብሎ ወደ ካርቡራተሩ አፍ ተስቦ ገባ...

እስካሁን ተመልሶ አልተነፋም።