የቤዝመንቱ ኪራይ

«ምንም አልጎደለብኝም በያት። ተመስገን ነው በያት» አሉ እማማ ውብአለም።

ሆሣዕና ከግብር ቢሮው መስታወት ወዲያ የተቀመጠችውን ሴትዮ አየች፤ ዞር ብላ ደግሞ እማማን አየች። ሴትዮዋ የጠየቀችው «የዘንድሮው የቤት ግብር ጭማሪ ከብዶዎታል?» ብላ ነበር። መልሱ ግልጽ ነው። ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው እዚህ ድረስ የመጡት በጣም ስለከበዳቸው ነው።

«እማማ፣ ምንም ካልጎደለብዎት ለምን መጣን?»

«አንቺ ደግሞ! ለማያውቁት ሰው ከመሬት ተነስቶ ‹ቸገረኝ› ይባላል እንዴ? መጀመሪያ ተመስገን ይባላል። ከዚያ እሷ ‹ኧረ ለመሆኑ እንዴት ነው ነገሩ?› ትላለች። ያኔ ይነገራታል።»

«እዚህ አገር ሁለተኛ አይጠይቁም።»

«እንግዲያው አሳዳጊ የበደላት ናት» አሉ እማማ፣ ለሴትዮዋ ደስ የሚል ፈገግታ እያሳዩ። ሴትዮዋም አጸፋውን ፈገግ አለችላቸው።

አለባበሳቸውም ለጉዳዩ አልረዳም። ገቢዬ ትንሽ ነው ሊሉ የመጡት እማማ ውብአለም ለሠርግ ብቻ የሚወጣውን ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል፤ የወርቅ ጉትቻቸውን አድርገዋል፤ ጫማቸውም ፊት ያሳያል። ሆሣዕና ጠዋት «ጉትቻው ቢቀርስ?» ብትላቸው «መንግሥት ቤት እየሄድኩ?» ብለው አፍጥጠውባት ነበር።

ያ ዓመት በፈረንጆቹ 1998 ነው። በከተማው ያለው ቤት ሁሉ እንደ አዲስ ተገምቶ ነበር። የእማማ ባል አቶ ኤፍሬም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ኢቶቢኮ ሰፈር ያለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሱ ሲጥሉ ኖረው የገዟት የስካርቦሮ ሰፈሯ ትንሽ ቤት በአንድ ጊዜ ውድ ሆና ቁጭ አለች። ጣሪያዋ ያው ነው፤ በረንዳዋም እንደተሰነጠቀ ነው፤ የጨመረው ግብሩ ብቻ ነው። በእማማ ጡረታ ደግሞ የሚከፈል አልሆነም። ዕድሜያቸው ለገፋና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ጭማሪው ይነሳላቸዋል ሲባል ቤተ ክርስቲያን ሰሙ። ይህ ካልተሳካ ቤቱን መሸጥ ነው። ቤቱ ከተሸጠ ደግሞ ከሥሩ ያለው ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ፣ አብሮ ይሸጣል። ቤዝመንቱ ውስጥ የሚኖሩት ሆሣዕናና እናቷ ጸዮን ናቸው።

ስለዚህ ሆሣዕና በዚያ መስኮት ፊት የቆመችው ለራሷ አልጋም ነበር።

ጠዋት ሆሣዕና ስትወጣ እናቷ በር ላይ አስቁማ አስጠንቅቃታለች። «ሆሲ፣ ያሉትን ብቻ ነው የምታስተረጉሚው። ከራስሽ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ!»

ምክንያት ነበራት። ባለፈው ወር ሐኪም ቤት እማማ «ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል» ሲሉ ሆሣዕና ነገሩን ለማሳመር «ሌሊቱን ሙሉ ያስለቅሳቸዋል» ብላ ተርጉማ፣ እማማ ራጅ ሲነሱ ዋሉ። እግሬን ሊቆርጡት ነው ብለው ጸሎት ጀምረው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሆሣዕና ስም በአስተርጓሚነት ጠፍቷል።

«ኦኬ» አለች ሴትዮዋ። «ከቤቱ የኪራይ ገቢ ያገኛሉ?»

ሆሣዕና አስተረጎመች። እማማ የካፖርታቸውን ቁልፍ ነካ ነካ አደረጉ።

«ስድስት መቶ» አሉ።

ሆሣዕና ይህን ቁጥር ታውቀዋለች።

ስድስት መቶ የድሮው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ዌልፌር፣ የመንግሥት ድጎማው፣ ሲቀነስ፣ ጸዮን የመጣላትን ቼክ ይዛ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ኮርሷን አቋርጣ ወደ ድሮ ሰፈሯ ወደ ቶርንክሊፍ ለመመለስ፣ ከሰው ጋር ተዳብላ ለመኖር እያሰበች። እማማ ከላይ ወረዱ። ሆሣዕና ቴሌቪዥኑን ከፍታ የማትሰማ መስላ ነበር። «ግማሹን ትሰጪኛለሽ። ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ» አሉና ተመልሰው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ፖስታው ውስጥ የሚገባው ሦስት መቶ ዶላር ነው። ጸዮን ጀርባዋን ሰጥታ ብታሽገውም፣ ሆሣዕና ዓይን አላት።

ታዲያ እማማ ምን ነካቸው?

ቀና ብላ አየቻቸው። እማማ ሴትዮዋን እያዩ አልነበረም። እሷን ነበር የሚያዩት፤ ሰርቀው፣ በጉትቻቸው በኩል። ያኔ ገባት። እናቷ ግማሽ እንደምትከፍል ልጅ ፊት መናገር አልቻሉም። ቤታቸው ቢሄድ ይሻላቸዋል እንጂ ጸዮንን በልጇ ፊት አያዋርዱም።

«ስድስት መቶ» አለች ሆሣዕና በእንግሊዝኛ። ያሉትን ብቻ።

ሴትዮዋ ደመረች፤ ከንፈሯን ነከስ አደረገች። «አዝናለሁ። በጥቂት ከገቢው ገደብ አለፉ» አለች፤ ወረቀቶቹንም ሰብስባ በመስታወቱ ሥር መልሳ ገፋቻቸው።

«ምን አለች?» አሉ እማማ።

ሆሣዕና ዞር ብላ ወደ ኋላ አየች። ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ረጅም ነው። አንድ ሰውዬ ይስላል፤ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ‹እኛ ነን የማንከፍለው› ማለት... ጆሮዋ ጋለ። የእናቷ ድምፅ መጣባት፦ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ።

ወረቀቶቹን በመዳፏ አስቆመቻቸው።

«ሦስት መቶ ነው» አለች ለሴትዮዋ። «ስድስት መቶ ያሉት እኔ እንዳላፍር ብለው ነው። ተከራዮቹ እኔና እናቴ ነን። ዌልፌር ሲቀነስብን ግማሹን ተዉልን።»

እማማ ውብአለም የሚያውቁት እንግሊዝኛ የአውቶቡስ መሥመርና ቁጥር ነው። በቁጥር ግን ማንም አያታልላቸውም።

«‹ስሪ ሀንድረድ› ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ፖስታውን የማመጣልዎት እኔ ነኝ እኮ፣ እማማ።»

እማማ አንገታቸው ላይ ያለውን ሻርፕ አጠበቁ፤ መልሰው አላሉ። «ጉድ ሠራሽኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እናትሽ ዓይኔን አታየውም ከእንግዲህ።»

ሴትዮዋ ቋንቋውን ባታውቅም የሆነ ነገር ሳይገባት አልቀረም፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሦስት መቶ ከሆነ ጭማሪው ሊነሳላቸው ይችላል። ግን ተከራይዋ የምትከፍለውን ጽፋ ትፈርም፤ እስከ አርብ ይምጣ ብላ ባዶ ወረቀት ሰጠቻት፤ ሆሣዕናም ለእማማ ነገረች።

አውቶቡሱ ውስጥ እማማ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ሆሣዕና ቦርሳቸውን ይዛላቸዋለች።

«አንቺ ትርጉም አትችይም» አሉ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ጉልበቴ፣ አሁን ደግሞ ይሄ። ውሸታም ነሽ።»

«እኔ? እርስዎ አይደሉ እንዴ የዋሹት!»

«እኔ መች ዋሸሁ? ቤዝመንቱ ስድስት መቶ ያወጣል። ያን የመሰለ ቤዝመንት! ዋጋውን ነው የነገርኳት።»

ሆሣዕና ሳቋ አመለጣት። እማማ እንደተቆጡ ለመቆየት ሞከሩ፤ ጉትቻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ አጋለጣቸው። ከቦርሳቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጧት። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ስሚ። ወረቀቱን አንቺው ፈርሚበት። ጸዮን ምንም ሳታውቅ ያልቃል።»

«እንዴ! የእማዬን ፊርማ?»

«ትችይው የለም? ለትምህርት ቤት ሽርሽር ፈቃድ በእሷ ስም የፈረምሽው የእኔ ደረጃ ላይ ተቀምጠሽ አይደለም?»

«ማን ነገረዎት?»

«እኔም ዓይን አለኝ እኮ፣ ሆሲዬ።»

ቤት ሲደርሱ ጸዮን የነርስ ረዳትነት መጽሐፏን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ የአጥንት ስም ታነበንባለች። ቀና አለች።

«እንዴት ሆነ? ያሉትን ብቻ ነው ያልሽው?»

«ልብሴን ልቀይር» አለች ሆሣዕና፤ ሹልክ ብላ መኝታዋ ገባች።

አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በደብተሯ ጀርባ ሞከረችው። መጀመሪያ ረጅሙ መስመር፤ ከዚያ እንደ ጭራ የሚጠመዘዘው። ቁርጥ የእማዬ! እንዲያውም ከእማዬ ይበልጥ ያምራል። ወረቀቱን አወጣች። እስክሪብቶውን አስጠጋች። አሥር ሰከንድ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ እናቷም አጥንቷን እየቆጠረች በሰላም ታመሻለች።

ከላይ የእማማ ውብአለም እግር ይሰማል። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ። ያ ትንሽ የሚያመው ጉልበት ዛሬ ዕረፍት የለውም። ነገ ጸዮንና እማማ ደረጃው ላይ ሲገናኙ፣ አንዷ እያወቀች ሌላዋ ሳታውቅ፣ ተመስገን ተመስገን ይባባላሉ። መሐላቸው ደግሞ እሷ ትቆማለች፤ ሁለቱንም እየዋሸች።

እስክሪብቶውን ከደነችው። ተነስታ ወጥ ቤት ሄደች፤ ወረቀቱን በአጥንቶቹ ሥዕል ላይ አስቀመጠችው፤ እስክሪብቶውን ከጎኑ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እማዬ፣ ከራሴ ትንሽ ጨምሬያለሁ። ቁጭ በይና ልንገርሽ።»

«ቁጭ ብያለሁ እኮ።»

«እንግዲያው እኔ ልቀመጥ» አለችና ወንበሩን ወደ እናቷ ሳበችው።

ከላይ እግሩ ቆመ።