የአጓት ገንዳው ሬሳ

የአይብ ፋብሪካው ባለቤት አጓት ገንዳ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም። እርጎው ከሚንጠፈጠፍበት ባለ ቀዳዳ ጠረጴዛ ሥር አጓቱ ጠብ ጠብ ይላል። ሽታው ኮምጥጧል። መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ጎንበስ አለች። አጓቱ ከጉልበት አያልፍም፤ የሟቹን ጀርባ አልነካውም። ኮሌታው ላይ ግን ነጭ ነገር ደርቋል። በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችው፤ ጨው ነው። ወዲያው ተፋችው።

«አንሸራቶት ነው» አለ የሟች ታናሽ ወንድም።

«አንተ የት ነበርክ?»

«የአይብ ማቆያው ክፍል። አይቦቹን ሳገላብጥ አረፈድኩ። አንድም አላስቀረሁም።»

ሬሳውን ያገኘው የፋብሪካው መካኒክ ነበር። «ለፓምፑ ጎማ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ጋሼን እዚህ አገኘሁት» አለ። ባለሱቁም መሰከረለት። አጠገባቸው የቆመችው የሟች ሚስት ክንዷ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል።

መርማሪዋ ማቆያው ክፍል ገባች። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ጥግ ላይ አይብ የሚነከርበት የጨው ውሃ በርሜል አለ። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት አይቦች እንደ ድመት ጠጉር ያለ ሻጋታ ለብሰዋል። አንዱን በጣቷ ጫን ብትለው ጠጉሩ ተኝቶ ቀረ። ከሥሩ ትል ተላወሰ። 

ሦስቱንም እዚያው ጠራቻቸው።

«ሟቹ የሰጠመው በዚህ በርሜል ነው» አለች። «ኮሌታው ላይ የደረቀው ጨው ከአጓት አይመጣም። ከዚህ ተጎትቶ ነው ገንዳው ውስጥ የተጣለው። መካኒኩ ሱቅ ነበር። እመቤቲቱ በአንድ እጅ ሬሳ አትጎትትም።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «አንተ ሁሉንም አገላበጥኩ ብለሃል። ይኸው የእኔ ጣት ምልክት፤ ያንተስ የታለ? እጅ ያረፈበት አንድም አይብ የለም። ታዲያ ስታገላብጥ ካላረፈድክ፣ እዚህ ምን ስትሠራ ነበር?»



«ወንድሜ አይቡን ሁሉ ልቅበረው አለ» አለ ሰውየው። «ትሉ ተጠርጎ፣ ቅርፊቱ ተፍቆ ይሸጣል ስለው፣ ሰው መርዤ አላድርም አለኝ። ተያያዝን። አንገቱን ይዤ...»

«ትናንት ለልጆቼ ያመጣህላቸው አይብ ከዚህ ነው?» አለች ሚስትየዋ።

አቀረቀረ።

እሷም በደህና እጇ አፏን ይዛ ቤት ወዳሉት ልጆቿ ሮጠች።