«አጥንቴን ሰበርክ!»

ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ ከደረጃው ግርጌ ተዘርረው ሞተው የተገኙት ማለዳ ነው። ሰፈሩ «ባላጥንቱ» ይላቸዋል፤ አያት ቅድመ አያት ሳይቆጥሩ ሰላምታ እንኳ አይጨርሱም ነበርና። በዚያ ሰፊ ቤት ፎቁ ላይ እሳቸውና ያላገባው ታናሽ ወንድማቸው፣ ታች ደግሞ ተከራዩ ልብስ ሰፊና ምግብ አብሳይዋ ይኖራሉ። የምግብ ጠረጴዛው ለብዙ ሰው የተሠራ ነው፤ የሚበላው ግን ሁሉም ለየብቻው ነበር።

መርማሪዋ በልብስ ሰፊው ጀመረች።

«ማታ ምን ሰሙ?»

«‹አጥንቴን ሰበርክ!› ብለው ሲጮኹ። ከዚያ ጸጥ አለ። ስለ አጥንት መጮህ ልማዳቸው ስለሆነ ከቁብ አልቆጠርኩትም።»

«ትግባቡ ነበር?»

«አንቱ ይሉኝ ነበር። አክብረውኝ እንዳይመስልዎት፤ ሊያርቁኝ ነው።»

ምግብ አብሳይዋን ደግሞ፣ «ለምንድነው ዘርን አጥንት የሚሉት?» ስትል ጠየቀቻት።

«ሥጋ ይፈርሳል፣ አጥንት ይቀራል፤ አባት ለልጁ የሚያወርሰው የማይበሰብሰውን ነው ይሉኝ ነበር። ወንድማቸው ላግባት ያላትን ሁሉ ‹አጥንቷ አይታወቅም› እያሉ መለሱ። አንዷንማ ዕድሜውን ሙሉ እንደወደዳት ቀረ።»

ታናሽየው ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ጫማው ላይ ቀይ አፈር ደርቋል።

«ትናንት የት ዋሉ?»

«ቀብር።»

«የማን?»

«የማውቃት ሰው።»

«ማታስ?»

«ተኝቼ ነበር። ጋሼ ከደረጃው ወድቆ አጥንቱ ሲሰበር ነው የጮኸው።»

የሐኪሙ ቃል ሲደርስ መርማሪዋ ሦስቱንም በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠች።

«አንድም አጥንት አልተሰበረም» አለች። «የገደላቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ የፈሰሰ ደም ነው። እንግዲያው የጮኹለት አጥንት ዘራቸው ነው፤ የጮኹትም በሰው ላይ ነው። ‹ሰበርክ› አሉ። ምግብ አብሳይዋን ቢሆን ‹ሰበርሽ› ይሉ ነበር፤ ልብስ ሰፊውን አንቱ ነው የሚሉት። በዚህ ቤት አንተ የሚሉት ወንድ አንድ ብቻ ነው።»

ታናሽየው አልካደም።

«ከቀብሯ ስመለስ ‹ያቺ አጥንተ ቢስ ሞተች?› አለኝ። እኔም አባታችን ሊሞት ሲል የነገረኝን አወጣሁት፤ ያ ሁሉ አያት ፈጠራ ነው፣ አባታችን ወላጆቹን እንኳ አያውቅም አልኩት። ጮኸ፣ በጥፊ መታኝ። ገፋሁት፤ ጭንቅላቱ ከግድግዳው ተጋጨ። አልተነሳም። ተሸክሜ ደረጃው ሥር አስተኛሁት።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ደበቁት?»

«ከዚያ አያት ሌላ ምን ነበረው?»

መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የምንነግርልዎት ዘመድ አለ?»

ታናሽየው ከጫማው ላይ ቀዩን አፈር በጣቱ ፋቀ።

«ሁለት ሰው ነበረኝ» አለ። «አንዷን ትናንት ቀበርኳት፤ ሌላው እሱ ነበር።»