በቀኙ በኩል

የሰዓት ጠጋኙንና የልብስ ሰፊዋን ሱቅ የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው። እኔ ማዶ ነኝ። በራፌ ላይ ወንበር አውጥቼ ስቀመጥ ሁለቱም የማያቸው አይመስላቸውም ነበር።

ባለ ሰዓቱ ልጅ ሳለ የሰዓት ሞላ ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይኑን መቶታል። ዓይኑ ቀስ በቀስ ሞራ ጋረደው። እሷ ሱቁን በተከራየች ሰሞን ኮቱን ሊያስጠብብ ገባና በቀኙ በኩል ከቆመችው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ጋር ተላተመ።

«ይቅርታ እመቤቴ» አላት፣ አንገቱን ደፍቶ።

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ጥላ ሳቀች። «እሷ ኩሩ ናት፣ ቶሎ ይቅር አትልም።»

ከዚያ ወዲያ ያ ኮት ስንት ጊዜ እንደጠበበና እንደሰፋ አትጠይቁኝ።

ለዓይኑ ቀዶ ጥገና ይዛው የሄደችው እሷ ናት። ፋሻው ሲፈታ ሐኪሙ ሁሉንም አስረድቷል። ሞራው ወጥቷል፤ ሌንሱን ያቀፈው ስስ ከረጢት በጥንቃቄ ተጠርጓል፤ የቀረ ርዝራዥ ከኋላ እንዳይሾልክ ጠርዙ ስል የሆነ ሌንስ ገብቷል። «ግን ወጣት ነህ» አለው፤ «ይህን ሁሉ አድርገንም ከረጢቱ ቆይቶ ሊደበዝዝ ይችላል። ብዥ ካለህ ቶሎ ና፣ በሌዘር እንከፍተዋለን።»

እሷ ቃል በቃል ሰምታ ለእኔ ነገረችኝ። እሱ ግን ምን ሰምቶ! በአዲሱ ዓይኑ መጀመሪያ ያየው እሷን ነበርና አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ይኼኛው ዓይን ያንቺ ነው» ይላት ነበር። ሁልጊዜም በቀኙ በኩል ያስቀምጣታል።

እናቷ ግን አልወደዱትም። «ልጄን ለዕውር መሪነት አልወለድኳትም» አሉት ፊት ለፊት። «ያ ዓይን ተመልሶ የጨለመ ዕለት ደጄን እንዳትረግጥ!»

ዓመት ሳይሞላ ዓይኑ ብዥ አለ፣ ትንፋሽ እንዳረፈበት መስታወት። ቀዶ ጥገናው የከሸፈ መሰለው። ጥቁር መነጽር አደረገ፣ ፀሐይ ሸሸ፣ ሥራ ቀነሰ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። በርጩማውንም አዞረና ግራ ጎኑን ሰጣት።

«ምን አደረግኩህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ዞርክብኝ?»

«ብርሃኑ ነው።»

በግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች ብቻ ያወሩ ነበር።

እኔ ዘንድ መጣች። «እትዬ፣ ሰልችቼዋለሁ መሰለኝ።»

«አንቺ ደግሞ! ሲጎነበስ እየዋለ አንገቱ ተቆልፎበት ይሆናል» አልኳት። አልሳቀችም።

እናቷ ሌላ ሰው አዘጋጅተው ይጎተጉቷት ነበር። ሰነበተች፣ ጠበቀች፣ በመጨረሻ እሺ አለች። ሱቋን ልትለቅ ዕቃዋን ስታወጣ አሻንጉሊቷ በረንዳው ላይ ቆመች። ባለ ሰዓቱ ሲያልፍ በቀኙ በኩል ገጫት። ይቅርታም አላላትም። እንደ ደነገጠ ወደ ሱቁ ገባ።

ያኔ ገባኝ። እየተቆጣሁ ጎትቼ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኩት።

«ለምን ዝም አልክ?» አለው ሐኪሙ። «ነግሬህ ነበር እኮ። የማንም ጥፋት አይደለም፤ ከረጢቱ ነው የደበዘዘው።»

ሌዘሩ ሻይ ጠጥቶ የመውጣት ያህል እንኳ አልፈጀም። በማግስቱ ዓይኑ ጠርቶለት ወደ እሷ ሮጠ። በባዶው ሱቅ ውስጥ መርፌዎቿን እየሰበሰበች ነበር። ሁሉን ነገራት።

«ብትነግረኝ እኮ እጅህን ይዤ እወስድህ ነበር» አለች። «ሐኪሙ ያለውን እኔ ሰምቻለሁ።»

«እጄን ይዘሽ እንዳትመሪኝ ነው የፈራሁት።»

ዞራ በቀኙ በኩል ቆመች። ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር እዚያ ከቆመች።

«አሁን ታየኛለህ?»

«ልቅም አድርጌ።»

«ምን ይታይሃል?»

ፊቷን አየ፣ ቁልቁል እጇን አየ።

«ቀለበቱ» አላት።

ዕቃዋ ተጭኖ ሲሄድ አሻንጉሊቷ ቀረች። ረስታት ነው አልልም። እሱ ዘንድ በስተቀኙ ትቆማለች። አሁን ጥርት አድርጎ ስለሚያያት አይገጫትም። ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ግን «ይቅርታ እመቤቴ» ሲላት፣ ማዶ ሆኜ እሰማዋለሁ።