መስታወቱ ቆሽሿል

መጀመሪያ ጨርቁ መጣ፣ ቀጥሎ እጁ። አመልካች ጣቱ ላይ ያለችውን የቢላ ጠባሳ ስታይ ልጅቷ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። ጨርቁ መስታወቱን ሁለት ጊዜ ዞረው፤ ሰማያዊ የሹራብ እጅጌ ታየና ጠፋ። ሃያ ሰከንድ እንኳ አልሞላም።

እጁ የእናቷ ነው። እናቷ የባህር ወፎችን ለሚያጠኑ ሰዎች ምግብ ልታበስል ወደ አንዲት ደሴት ከሄደች ሦስት ወር ሆናት፤ ውሏ ገና አምስት ወር ይቀረዋል። አጥኚዎቹ ገደሉ ላይ ካለ አንድ ጎጆ ፊት ለፊት ካሜራ ተክለው ወፎቹን በኢንተርኔት በቀጥታ ያሳያሉ። የባሕር ጨውና የወፍ ኩስ የካሜራውን መስታወት ሲሸፍነው ተመልካቾች ከምስሉ ሥር «መስታወቱ ቆሽሿል» የሚለውን ቁልፍ ይነካሉ። ያን ጊዜ ገደሉን ወጥታ የምትጠርገው ምግብ አብሳይዋ ናት።

ዛሬ ግን መስታወቱ አልቆሸሸም ነበር። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም አልቆሸሸም። ልጅቷ ቁልፉን የነካችው እናቷ ናፍቃት ነው። የደሴቲቱ ኢንተርኔት ለካሜራው ብቻ ነው፤ እናቷ ስልክ መደወል የምትችለው እሑድ ብቻ ነው፤ እሱም «በላሽ? አጠናሽ?» ተብሎ ሳያልቅ ይቋረጣል። እሷም ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ትላለች። እጇን ማየት ከምንም ይሻላል።

«ጩጬ፣ ከኛ ይልቅ ከወፍ ጋር ተዛመድሽ እኮ» አላት አባቷ፣ ከስፌት ማሽኑ ቀና ሳይል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሳሎኑም ሱቁም ያው አንድ ክፍል ነው። ለባዮሎጂ ፈተና የምታጠና ይመስለዋል። እሱም ቢሆን ናፍቆቱን አያወራም፤ ማሽኑን ብቻ ይረግጣል።

ሐሙስ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ እንደገና ቁልፉን ነካች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጫጩቱን ታቅፋ የነበረችው ወፍ ደንግጣ በረረችና እጁ መጣ። ያን ቀን እናቷ ቀስ ብላ፣ የሕፃን ፊት እንደምታብስ ሆና ጠረገች። ልጅቷ ብቻዋን ፈገግ አለች። እጁ ሲሄድ ጎጆው ላይ ግራጫው ጫጩት ብቻውን ቀረ።

ወዲያው አንድ ትልቅ ወፍ ገደሉ ላይ ዱብ አለ። የጫጩቱን ክንፍ ነክሶ ወደ ጠርዙ ጎተተው። ልጅቷ ስክሪኑን በጥፍሯ ቧጠጠች፤ ሌላ ምን ታደርግ። እናቲቱ ወፍ ከየት መጣች ሳትባል ደርሳ ቀማኛውን እየነከሰች አባረረችው። ጫጩቱ ላባው ተነጭቶ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አባቷ ምን እንደሆነች ጠየቃት። ምንም አለችው።

«ታዲያ በምንም ነው ፊትሽ አመድ የመሰለው?» አለ። ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠች።

እሑድ እናቷ ደወለች። አቀበቱ ጉልበቷን እንደጨረሰው፣ አለቃዋም ንጹሕ መስታወት የሚያስጠርገው ማነው እያለ እንደሚነጫነጭ አወራች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ግን አልከፋኝም» አለች። «ልጄ እያየችኝ ይሆናል እያልኩ ቀስ ብዬ ነው የምጠርገው።»

ልጅቷ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ነገም እጁ ይመጣል።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ የማስጠርግሽ» አለች። «ቆሽሾ አይደለም፣ ናፍቀሽኝ ነው። ግን አንቺ ስትወጪ ወፏ ትሸሻለች። ሐሙስ ጫጩቱን ሌላ ወፍ ሊበላው ነበር።»

እናቷ ከነፋሱ ወደ ውስጥ ገብታ በር ስትዘጋ ተሰማ።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ» አለች እናቷ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር። ንጹሕ መሆኑን እያየሁ ነው የምጠርገው። ናፍቀሽኛል፣ ልጄ።» ሦስት ወር ሙሉ ሁለቱም ይህን ቃል አፋቸው ላይ አድርሰው ሲመልሱት ከርመዋል። «ጫጩቱ እስኪበር ስንት ቀን ቀረው?»

«ገጹ ላይ ሃያ ቀን ይላል።»

«እንግዲያው...» አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

ማክሰኞ ወፏ ጀርባዋን ወደ ካሜራው አዞረችና መስታወቱን በኩስ ለቀለቀችው። ከስክሪኑ ሦስት አራተኛው ነጭ ሆነ። አሁንስ ውሸት የለበትም፤ ቁልፉን ቢነኩት እውነት ነው። እናቷ ትመጣለች፣ ቀስ ብላም ትጠርጋለች። የልጅቷ ጣት ቁልፉ አጠገብ ደርሶ ብዙ ቆየ።

ጣቷን አንስታ ከቁልፉ ጎን ባለው የመልእክት ሳጥን ጻፈች፦ «ጫጩቱ እስኪበር እባካችሁ አትጥረጉት። ጥግ ላይ ትንሽ ይታያል።»

ከዚያ ሄዳ ስልኩን አባቷ ማሽን ላይ አስደገፈችና ስለ ቁልፉም፣ ስለ እጁም ነገረችው። አባቷ ማሽኑን አቆመ። ንጹሕ በቀረችው ጥግ የጫጩቱ አንድ እግር ብቻ ይታያል። ጎን ለጎን ተቀምጠው እሱን ማየት ጀመሩ።