ሰባት ቁጥር በላይኛው ረድፍ

ቀያሹን ያገኙት በጠፋ በሦስተኛው ቀን ነው። በአሮጌው የማዕድን ዋሻ ውስጥ፣ መተላለፊያውን ከዘጋው የድንጋይ ግንብ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን ተመትቷል። የተመታበት መዶሻ አጠገቡ ነው። መብራት ግን የለውም።

መርማሪዋ አጭር፣ ቁጥብ ሴት ናት። ከሟቹ ኪስ የማስታወሻ ደብተር አወጣች፤ አንብባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከግንቡ ወዲያ አንድ ነገር ኳ፣ ኳ ይላል።

«ምንድን ነው?»

«ውሃ ነዋ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የመንደሩ ሰው ሌላ ነገር ያወራል። እኔ ለወሬ ጊዜ የለኝም።»

ይህን ሲል ግን ግንቡን እንዳይነካ ትከሻውን ሰብስቦ ነበር።

ማዕድኑ ከተዘጋ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሊከፍተው መጥቶ፣ ሰኞ ግንቡን በፈንጂ ሊያፈርስ ቀጥሯል። ዛሬም ሠራተኞቹን ይዞ የገባው ፈንጂው የሚቀበርበትን ሊያሳያቸው ነው። ቀያሹ ደግሞ መጀመሪያ የውሃውን መንገድ ልወቅ ይል ነበር። ከተራራው ሥር ያለው መንደር የሚጠጣው አንድ ምንጭ ብቻ ነው።

«ሁለት ቀን የት ፈለጋችሁት?» አለች መርማሪዋ።

«በመንገዱ፣ በገደሉ፣ በመጠጥ ቤቱ። ወጥቷል ብለን።»

«ማን ወጥቷል አላችሁ?»

«ሰሌዳው።»

ሰሌዳው በመብራት ክፍሉ ግድግዳ ላይ ነው። ሁለት ረድፍ ምስማር አለው፤ ላይኛው «ውጭ»፣ ታችኛው «ውስጥ»። ወደ ዋሻው የሚገባ ሰው ቁጥሩ የተቀረጸበትን ነሐስ ወደ ታች ያወርዳል፤ ሲወጣ ወደ ላይ ይመልሳል። የቀያሹ አሥራ አንድ ቁጥር ላይ ተሰቅሏል። ከአዳዲሶቹ ራቅ ብሎ አንድ የጠቆረ ሰባት ቁጥርም ላይ አለ።

«ይኼስ የማን ነው?»

የክፍሉ ጠባቂ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሽ ፋኖስ ይሏቸዋል። በግራ እጃቸው የመብራት መስታወት ይወለውላሉ።

«የታናሽ ወንድሜ። ማዕድኑ በተዘጋ ቀን ወጥቶ እልም አለ። ሚስቱን ጥሎ።»

«ቀያሹስ እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ደህና ልጅ። ዝርክርክ እንጂ! የመብራቱን ገመድ እንደ በግ አንጀት ዘርግፎት ይሄዳል። ስንቴ ተቆጣሁት፤ እሱ ይስቃል።»

«አሁን መብራቱ የት ነው?»

«ያው ቦታው ላይ። እሱ በጠፋ ቀን በቀትር ወደ ቤቴ ወርጄ ነበር፤ በማግስቱ ስመጣ መደርደሪያው ላይ አገኘሁት። ጠፋ ሲሉ ፖሊስ ይየው ብዬ እጄን አላሳረፍኩበትም።»

መርማሪዋ መደርደሪያውን አየች። ምንም አልነካችም።

ከዚያ ወደ መንደሩ ወረደች። የውሃ ቧንቧውን የምትጠብቀው ያ ጥሎ ሄደ የተባለው ሰው ሚስት ናት።

«ቀያሹን እገድልሃለሁ ብለሽዋል አሉ።»

«ብያለሁ። ሥራ አስኪያጁንም ብዬዋለሁ፤ እሱ አለ አይደል?»

«ቀያሹ ምን አለሽ?»

«በማግስቱ መጥቶ ከቧንቧዬ ጠጣ። ‹እናቴ፣ ይኼን ውሃ አላስነካም› አለኝ።» ባልዲውን ወደ ጎን ገፋች። «ባሌም እንዲህ አፈ ቅቤ ነበር። ሠላሳ ዓመት ምን በድዬው ይሆን እያልኩ መንገድ መንገዱን ሳይ ኖርኩ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም መብራት ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ።

«ይኼ ሁሉ ቁጥር ምንድን ነው?» አለች የቧንቧ ጠባቂዋ ሴት ገና ስትገባ።

መርማሪዋ ላይኛውንና ታችኛውን ረድፍ አስረዳቻት። ከዚያ ቀጠለች።

«ገዳዩ አሥራ አንድ ቁጥርን ወደ ላይ ሰቀለ። መብራቱንም አውጥቶ መለሰ። ቀያሹ ውስጥ እንዳይፈለግ ነው። ይህች ሴት የሰሌዳውን ነገር አታውቅም። ሥራ አስኪያጁ ያውቃል፤ ግን ሬሳ ደብቆ ሠራተኞቹን ወደዚያው አይመራም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ በምሬት።

«ቀያሹ ገመድ አይጠቀልልም። የመብራቱ ገመድ ግን ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ተጠቅልሎ ጫፉ ከሥር ተሸጉጧል፤ መደርደሪያው ላይ እንዳሉት ሁሉ። ጋሽ ፋኖስ፣ እጄን አላሳረፍኩበትም ብለዋል።»

ሽማግሌው ግራ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት።

«እጄ ነው» አሉ። «እኔ አላሰብኩትም። እጄ ነው።»

«ሰባት ቁጥርንስ ማን ሰቀለው? ያኔም ሰው የፈለገው ውጭ ውጭውን ነው።»



«ዋሻው ተንዶ ወንድሜ ከናዳው ወዲያ ቀረ» አሉ ሽማግሌው። «ከማዕድኑ የሚወጣው መርዘኛ ቀይ ውሃ እየሞላ ነበር። እሱን ላውጣ ብል ግማሽ ቀን ነው፤ እስከዚያ መርዙ ምንጩ ውስጥ ይገባል። ድንጋይ ደረደርኩ። እሱ ያንኳኳል፣ እኔ እደረድራለሁ። ውስጥ ነው ካልኩ ሊያወጡት ግንቡን ያፈርሱታል። ቁጥሩን ወደ ላይ ሰቀልኩት።»

«ቀያሹስ?»

«‹ጋሼ፣ ሲገነባ ከወዲያ ሰው ነበር እንዴ?› አለኝ። ሊያፈርሰው መሰለኝ። መዶሻው እጄ ላይ ነበር።»

መርማሪዋ ደብተሩን ገልጣ አነበበች። «‹ግንቡ እንዳይፈርስ። ከግንቡ ወዲያ ውሃ ሞልቷል፤ ከተለቀቀ ምንጩን ይመርዛል። የተገነባው ከውጭ በኩል ነው፤ ማን እንደሠራው ጋሽ ፋኖስን ልጠይቅ።›»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ደብተሩ ዘረጉ፤ መልሰው ሰበሰቡት።

«ሰኞ...» ብሎ ጀመረ ሥራ አስኪያጁ።

«ሰኞ አይፈርስም» አለች መርማሪዋ።

ሴትዮዋ ወደ ሰሌዳው ተጠጋች። ወደ ባሏ ወንድም ዞር ብላም አላየች።

«ውስጥ የሚለው ታችኛው ነው አይደል?»

«አዎ።»

ሰባት ቁጥርን ከላይ አነሳች። በቀሚሷ ጫፍ ጠራረገችው። ወደ ታች አወረደችው።

«አልሄደም» አለች።